የፈረስ ዓመትና የእንጦጦ መንገድ

መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበረ። ዕለቱ የወሩ ሚካኤል ስለ ሆነ ማልደን ተነሥተን ወደ የካ ሚካኤል ሄድን። አብረውን የነበሩት አክስታችንና የበኵር ልጃቸው ናቸው። አክስታችን ባለፈው የካቲት 23 ቀን ስድሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ልጆቻቸው ድግስ እንደግስልሽ ቢሏቸው፥ «በጾም ምን ድግስ አለ፤ ይልቅስ እንጦጦን በእግሬ ልውጣና ከዚያ ላይ ሆኜ አገሬን ልይ» ብለው ስለ መለሱ፥ ይህን ፈቃዳቸውን ለመፈጸም አመቺ ቀን እስኪገኝ ስንጠብቅ ቈይተናል።

ቅዳሴው አልቆ ከቅጥሩ በር ስንወጣ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሥተው ለአክስታችን እጅ ነሡ። እርሳቸውም እጅ ነሡ። «እንዴት ሰነበቱ፥ ልጆች ደኅና ናቸው፥ የልጅ ልጆችስ» እየተባባሉ ሦስት አራት ጊዜ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያም ሽማግሌው ወደ ኮተቤ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈሩ። እኛም የማኅበር ሰው ይሆናሉ ብለን ማንነታቸውን ሳንጠይቅ አለፍን። ይህን እዚህ ላይ ማንሣታችን ኋላ ስለምንመለስበት ነው።

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለመድረስ እኛም ታክሲ ያዝን። ከመገናኛ ተነሥቶ በእንግሊዝ ኤምባሲ ደጃፍ የሚያልፈው ጎዳና በደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም የተሰየመ ነው። እርሳቸው በ1928 ዓ.ም. ክረምት በጠላት ተይዛ በነበረችው አዲስ አበባ ላይ ከዘመቱት አርበኞች አንዱ ነበሩ። በዚህ ጎዳና በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ምናልባት ልብ የማይለው ነገር፥ «አባ ተጫን» የሚለው የፈረስ ስም መሆኑን ነው። በቀድሞው ዘመን ስመ ጥር የሆነ ተዋጊ ሁሉ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በኦሮምኛ «አባ» ማለት አባትም ባለቤትም ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ «የዚህ ፈረስ ጌታ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሰውየው ፈረሱን ስም ካወጣለት በኋላ ፈረሱ ደግሞ በፋንታው ለሰውየው ስም ያወጣለታል ማለት ነው።

ስለ ፈረስ ይህን ያህል ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የአክስታችን ልጅ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ በሥራውም ከቻይናውያን ጋራ ይውላል። ባለቤቱ በሰኔ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል፥ ሐኪሙም ሴት እንደ ሆነች ነግሯቸዋል። ታዲያ በየካቲት፥ ዐቢይ ጾም በገባ በማግሥቱ፥ አብሮት የሚሠራው ቻይናዊ ፈረስ የተሣለበት ቀይ የቀን መቍጠሪያ ሰጠውና፥ «ዛሬ አዲሱ ዓመታችን ነው፤ ልጅህ በፈረስ ዓመት ትወለዳለች፤ ብርቱ ትሆናለች» ብሎ መልካም ምኞቱን ገለጠለት። ጐልማሳውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ማታ ግን የፈረስን ዓመት ነገር በስልኩ ሲመረምር፥ ይህ ዓመት ተራ የፈረስ ዓመት ሳይሆን «የእሳት ፈረስ» እንደሚባልና በዚህ ዓመት ስለምትወለድ ሴት ብዙ ክፉ እንደሚነገር አነበበ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። በታክሲውም ውስጥ የሚያወራው ስለዚሁ ብቻ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይናውያን ዓመታትን በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይቈጥራሉ፤ እነርሱም አይጥ፥ በሬ፥ ነብር፥ ጥንቸል፥ ዘንዶ፥ እባብ፥ ፈረስ፥ በግ፥ ዝንጀሮ፥ አውራ ዶሮ፥ ውሻና ዐሣማ ናቸው። ተረታቸው እንደሚለው፥ ንጉሠ ሰማይ እንስሳትን ወንዝ አሻግሮ ባሽቀዳደመ ጊዜ ፈረስ ስድስተኛ ሆኖ ሊገባ ሲል በሰኮናው ላይ ተጠምጥሞ የመጣ እባብ ድንገት ብቅ ብሎ አስደነበረውና ቀደመው፤ ስለዚህ ፈረስ ሰባተኛ ሆነ። በእንስሳቱ ላይ ደግሞ አምስት ባሕርያት ይደረባሉ፤ እንጨት፥ እሳት፥ መሬት፥ ብረት፥ ውሃ። እያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ሁለት ዓመት ስለሚይዝ፥ አንዱ እንስሳ ከአንዱ ባሕርይ ጋራ ዳግመኛ የሚገናኘው በስድሳ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአሁኑ የእሳት ፈረስ በየካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የገባ ሲሆን፥ የሚወጣው ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. በግ ሲተካው ነው። ከዚህ በፊት የነበረው የእሳት ፈረስ የገባው በጥር 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው።

ለፈረስ የተሰጠው ሰዓት ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፥ ፀሐይ ከአናት ላይ የምትቆምበት ነው፤ አቅጣጫው ደቡብ፥ የራሱ ባሕርይም ገና ከመነሻው እሳት ነው። እንግዲህ የእሳት ፈረስ ሲባል በእሳት ላይ እሳት መጨመሩ ነው። በፈረስ ዓመት የተወለደ ሰው ፈጣን፥ ተጫዋች፥ ጨዋታ አዋቂ፥ ነጻነቱን ወዳድ፥ ልቡ ያሰበውን አፉ የማይሸሽግ ነው ይሉታል፤ ነቀፋውም ትዕግሥት ማጣቱ፥ የጀመረውን ሳይፈጽም ወደ ሌላ መዝለሉና ምክር አለመቀበሉ ነው። ከነብርና ከውሻ ጋራ ይስማማል፥ ከአይጥ ጋራ ግን ተቃራኒው ነው ይላሉ። የቻይና ሰዎች ለፈረስ ትልቅ ክብር መስጠታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በአገራቸው መልካም የጦር ፈረስ ስላነሰ፥ ንጉሠ ነገሥታቸው ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ104 እስከ 101 ባሉት ዓመታት በረኻ አሻግሮ እስከ ፈርጋና ሠራዊት የላከው የዚያን አገር ፈረስ ፈልጎ ነው።

ዳሩ ግን ስለ ሴት ልጅ የሚነገረው ያ ክፉ ወሬ የጃፓን ነው። ቆጠራውን ከቻይና የተቀበሉት ጃፓኖች፥ በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ግትር ናት፥ የባሏንም ዕድሜ ታሳጥራለች ብለው ያምኑ ነበር። ለዚህም የሚጠቅሱት ኦሺቺ የምትባል የአንድ አትክልት ነጋዴ ልጅ ነበረች። ይህች ልጅ፥ ቤታቸው በቃጠሎ በጠፋ ጊዜ በተጠለሉበት ገዳም ያየችውን ወጣት ዳግመኛ ለማየት ስትል ኤዶ በተባለችው ከተማ እሳት ለኰሰች ተብላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1683 ተገደለች፤ የተወለደችውም በእሳት ፈረስ ዓመት ነው ይባላል። እንግዲህ ከአንዲት ምስኪን ልጅ ፍቅር የተነሣ የስንት ሴቶች ዕድል እንደ ተበላሸ ተመልከቱ። ይህ ተረት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ቍጥሩ ግን በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። በጃፓን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተወለዱት ሕፃናት 1,823,697 ነበሩ፤ የእሳት ፈረስ በሆነው በ1966 ወደ 1,360,974 ወረዱ፤ በ1967 ደግሞ ወደ 1,935,647 ከፍ አሉ። በአንድ ዓመት ከ460 ሺህ በላይ ልደት የጐደለው ጦርነት ወይም ረኃብ ሳይኖር፥ ባቡርና ፋብሪካ ሞልቶ በተረፈበት አገር፥ ወላጆች አንድ የዓመት ስም ስለ ፈሩ ብቻ ነው።

አክስታችን ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፥ «የእነርሱ የእሳት ፈረስ በ1958 ነበር አላችሁ? እኔ የተወለድሁት በዚያው ዓመት በየካቲት ጊዮርጊስ ነው» አሉ። እኛም ወዲያው ቈጠርን። እውነት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1958 ዓ.ም. ከጥር 13 በኋላ ነውና፥ አክስታችን ራሳቸው የእሳት ፈረስ ናቸው! የተወለዱትም ዐድዋ ሰባኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፥ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ በሚሣለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ልጃቸው ደነገጠ፤ እርሳቸው ግን ከልብ ሳቁ።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ከታክሲ ወርደን ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን አቀበት ያዝን። የቀበናን ወንዝ ድምፅ ከበታች ትተን፥ የባሕር ዛፉ ሽታ እየበረታ ሄደ። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ሲሆን፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተተክሎ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ነው፤ ምድሩን ያደርቃል የሚለው ወቀሳ ኋላ የመጣ ነው። ከላይ ወደ ታች፥ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ጐንበስ ብለው ያልፉናል፤ በኋላቸውም እንጨት የተጫኑ አህዮች። ለእኛ አህያን ማንም በቆጠራው አለማስገባቱ ሁልጊዜ ይገርመናል። በአሥራ ሁለቱ ቻይናውያን እንስሳት ውስጥ አህያ የለችም፥ በቅሎም የለችም፤ በእኛም ቆጠራ የሉም። ከተማዪቱን በጀርባዋ የሠራች አህያ ለከዋክብት አልበቃችም ማለት ነው። የቻይና ገበያ ግን አላጣትም፤ ለመድኃኒት ብሎ ቆዳዋን በብዙ ስለ ፈለገው ከአፍሪካ እየታረደች መጋዝ ብትጀምር፥ የአፍሪካ መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ከለከሉ።

ስለ እኛ ቆጠራ ካነሣን፥ ነገሩን ጥቂት ማብራራት ይገባናል። ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ዓመታትን በአራቱ ወንጌላውያን ያፈራርቃሉ፤ እነርሱም በገጸ ሰብእ የሚመሰለው ማቴዎስ፥ በአንበሳ የሚመሰለው ማርቆስ፥ በላም የሚመሰለው ሉቃስ፥ በንስር የሚመሰለው ዮሐንስ ናቸው። በዓመቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፥ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2018 ሲደመር 7518 ነውና ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1958ም እንዲሁ ሁለት ይተርፈዋል። ስድሳ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፥ የቻይናን ዙር የፈጸመ ሰው ሳያስበው ወደ ተወለደበት ወንጌላዊም ይመለሳል። ይህን ለአክስታችን ብንነግራቸው፥ ከፈረሱ ይልቅ በአንበሳው ደስ አላቸው።

ይህ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቍጥር ነው፤ በዓላትንና አጽዋማትን ለማወቅ እንጂ የሰውን ዕድል ለመፍረድ አልተሠራም። ዕድል የሚነገርበት ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ዐውደ ነገሥት ይሉታል። መምህራን ቢነቅፉትም በየሰፈሩ ጠያቂ አላጣም። በእርሱ የሚቈጠሩት ከዋክብት ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን፥ አሰድ፥ ሰንቡላ፥ ሚዛን፥ አቅራብ፥ ቀውስ፥ ጀዲ፥ ደለዊና ሑት ናቸው፤ ስማቸውም ከዐረብኛ የመጣ ነው። እነዚህም እሳት፥ መሬት፥ ነፋስና ውሃ ተብለው ለአራት ይከፈላሉ። ከቻይናው የሚለይበት ግን ዋና ነገር አለ። ቻይናዊው የሚመለከተው የተወለድህበትን ዓመት ነው፤ የእኛው ኮከብ ቆጣሪ ግን ዓመትህን አይጠይቅም፥ ስምህንና የእናትህን ስም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ፊደል ቍጥር አለው፤ ሁሉን ደምሮ በአሥራ ሁለት ይገድፈዋል፥ በተረፈውም ኮከብህን ይነግርሃል። ስለዚህ ቻይናዊ ከዕድሉ ማምለጫ የለውም፤ ኢትዮጵያዊ ግን ስሙን ቢለውጥ ኮከቡም ይለወጣል። የአክስታችንም ልጅ ይህን ስላወቀ፥ ወደ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሄዶ ለሕፃኒቱ ከእሳት ወገን የማይወድቁ ሦስት ስሞች በወረቀት አስጽፎ በኪሱ ይዞ ነበር። ያስከፈለውን ገንዘብ ለእናቱ አልነገረም፤ እኛም አንናገርበትም።

ከኪዳነ ምሕረት በላይ ጥቂት እንደ ወጣን፥ ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች ከፍ ካለው ሜዳ ላይ ታዩን፤ ጐልማሳው ዋጋ ሊነጋገር ቀድሞን ሄደ። አክስታችን ከአንድ ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ። ከተማይቱ ከበታቻችን በጢስና በጭጋግ ተጋርዳ ትታያለች። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ዛሬ በሚካኤል ደጅ ሰላም ያልኋቸውን ሰው አይተሃቸዋል?» ብለው ጠየቁን። አዎን አልናቸው።

«በ1977 ዓ.ም. ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር» አሉ። «አባታቸው ከሰንዳፋ እህል በጋሪ ያመላልሱ ነበር፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ ፈረሱን የሚነዱት፥ የሚያጥቡት፥ የሚያበሉት ናቸው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ነገሩን አልጠሉትም፤ ብቻ ኮከባቸው ይታይ አሉ። ኮከብ ቆጣሪው መጥቶ የእኔን ስምና የእናቴን ስም ደመረ፥ የእርሳቸውንም ደመረ። እኔ ቀውስ ሆንሁ፥ እሳት፤ እርሳቸው ሸርጣን፥ ውሃ። እሳትና ውሃ አንድ ቤት አይገቡም ተባለ። በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል።»

ቀውስ በዐረብኛ ደጋን ማለት ነው፤ ግሪኮች ይህን ኮከብ ወገቡ ፈረስ፥ ራሱ ደጋን የያዘ ሰው አድርገው ይሥሉታል። አክስታችን እንግዲህ በእኛም ቆጠራ ከፈረስና ከእሳት አላመለጡም ማለት ነው፤ ይህን ግን ያን ጊዜ አልነገርናቸውም።

«ከአምስት ዓመት በኋላ» ብለው ቀጠሉ፥ «አግብቼ ይኸን ልጅ ወልጄ ሳለሁ፥ አንዲት ጎረቤቴ ለራሷ ጉዳይ ወደ ሌላ ቆጣሪ ስትሄድ ተከተልኋት። ጨዋታ መስሎኝ የእኔን ጠየቅሁት። ‹የክርስትና ስምሽ ማን ነው?› አለኝ። ነገርሁት። ‹በመጠሪያ ስም አይቈጠርም፥ ፊተኛው ሰውዬ ተሳስቷል› አለኝና በክርስትና ስሜ ቢደምር ሠውር ሆነ፥ መሬት። የሰውየውንም የክርስትና ስም አውቀው ነበርና ቢቈጥረው ያው ውሃ ሆነ። ‹መሬትና ውሃ ምን የመሰለ ቤት ነው› አለኝ። ሃያ አምስት ሳንቲም የሚያህል ነገር ሰጥቼው ወጣሁ።»

ምን ማለት እንደሚገባን አላወቅንም። እርሳቸውም ዐዝነው አልነበረም። «ባሌ፥ ነፍሳቸውን ይማረውና፥ መልካም ሰው ነበሩ» አሉ። «ይህንንም ነግሬአቸው ነበር፤ ለብዙ ቀን ሠውር እያሉ ሲጠሩኝ ሰነበቱ። ቆጣሪው በትክክል ቢቈጥር ኖሮ ያ ልጄ አይወለድም ነበር። ታዲያ ሰውየውን ልመርቀው ወይስ ልርገመው? እስከ ዛሬ አልቈረጥሁም። ብቻ በየወሩ በሚካኤል እናንተ ስትጣደፉ እኔ ቆሜ ሰላም እላለሁ።»

ይህን በዚህ ገጽ እንጽፈው ዘንድ ብንለምናቸው፥ «ስሜን ካልጻፍህ ጻፈው፤ ልጄ እንደ ሆነ ስልኩን እንጂ ጋዜጣ አያነብም» አሉን።

ወደ ሜዳው ስንደርስ ፈረሶቹ በሰልፍ ቆመዋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር የሚደርስ ብርድ ያለበት ከፍታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ከዚያ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። ሰው ብርዱን ሸሽቶ ወደ ፍልውሃ ቢወርድም ለፈረስ ግን ደጋ ይስማማዋል፤ ከነፍሳት ንክሻ የሚተላለፈው ገዳዩ የፈረስ በሽታ በቆላ ስለሚበረታ፥ የሰሜንና የሸዋ ደጋዎች፥ የአገው ምድርና የባሌ ከፍታዎች ከጥንት ጀምሮ የፈረስ አገር ናቸው። በቀድሞ ዘመን መኳንንት ለመንገድ በበቅሎ ተቀምጠው፥ ፈረሱን ጭነው ከጐን ያስስቡት ነበር፤ በቅሎ ለጕዞ፥ ፈረስ ለውጊያ ነውና። ዛሬ ውጊያው በሌላ ቢተካም፥ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተቋቋመበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ፥ የፈረሰኛውን በዓል በየዓመቱ በጥር 23፥ በጊዮርጊስ ዕለት ያከብራል። በእንጦጦ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ እንግዳው ስለ በዛ፥ የፈረስ ግልቢያ የከተማው ሰው የቅዳሜና የእሑድ ጨዋታ ሆኗል።

ቻይናውያን ስለ ፈረስ ከተናገሩት ውስጥ አንዳንዱ በዚያ ሜዳ እውነት ሆኖ አገኘነው። ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ የያዘው ግራጫ ፈረስ ለአንድ አፍታም አልቆመም፤ መሬቱን በሰኮናው ይጭራል፥ ልጓሙን ያኝካል። አጠገቡ የነበረው ዳማ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ያንቀላፋል፤ ይህኛው በየትኛው ዓመት ተወልዶ ይሆን ብለን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ፈረስ በተፈጥሮው ጀግና አይደለም፤ ፈሪና ሯጭ ነው። ወደ እሳትና ወደ ጦር የሚገባው ከላዩ የተቀመጠውን ሰው ስለሚያምን ብቻ ነው።

አክስታችን ዳማውን መረጡ። የጥንቱ እርካብ ለእግር አውራ ጣት ብቻ የሚበቃ ትንሽ ቀለበት ነበረ፤ የአሁኑ ግን ጫማን ስለሚይዝ አላስቸገራቸውም። ልጃቸው ሊደግፋቸው ቢቀርብ፥ «ተው፥ አታስደንብረው» ብለው በአንድ ጊዜ ከኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ፈረስ ግልቢያ መቼ እንደ ተማሩ ልጃቸው ሲጠይቃቸው፥ «በልጅነቴ በሰፈራችን ፈረስ ያለው ሰው ነበር» ብለው መለሱ፤ እኛም ፊታችንን ወደ ዛፉ መለስን።

ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። በሁለተኛው ዙር፥ ዛቡን ከልጁ እጅ ተቀብለው ራሳቸው ሳቡት። ከኛ ዘንድ ሲደርሱ ፈረሱን አቆሙና ከላይ ሆነው ልጃቸውን፥ «ያ ሰውዬ ስሞቹን ሲያወጣልህ የቈጠረው በማን ስም ነው?» አሉት።

«በባለቤቴ ስም ነዋ፥ እማዬ፤ የእናት ስም ነው የሚደመረው።»

«በመጠሪያ ስሟ ነው ወይስ በክርስትና ስሟ?»

ጐልማሳው አሰበ። «በመጠሪያ ስሟ ነው። የክርስትናዋን አልጠየቀኝም።»

«ሕፃኒቱስ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ሌላ ስም አይወጣላትም?»

«ይወጣላታል።»

«ያን ጊዜ የትኛው ኮከብ ይሆናል?»

መልስ አልነበረውም። እርሳቸውም እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ጠየቁት። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ከፈረሱ ላይ ሆነው ሦስቱን ስሞች ቀስ ብለው አነበቡ፤ «ስሞቹስ መጥፎ አይደሉም» አሉ፤ ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «የልጅ ልጄን ስም እኔ አወጣለሁ። የእሳት ፈረስ የሆነች ሴት ምን እንደምትመስል ለማወቅ ከፈለግህ ስልክህን ትተህ እኔን ጠይቀኝ፤ ስድሳ ዓመት ሆኜዋለሁ።»

ልጃቸው መሣቅ ጀመረ፤ ከየካቲት ወዲህ እንዲህ ሲሥቅ አላየነውም ነበር። ስሙ ማን ይሆናል ብሎ ቢለምናቸው አልነገሩትም፤ ለእኛም አልነገሩን።

ከፈረሱ ከወረዱ በኋላ ሒሳቡን ስንከፍል፥ አክስታችን ባለ ፈረሱን ልጅ፥ «ይህ ፈረስ ስንት ዓመቱ ነው፥ መቼ ተወለደ?» ብለው ጠየቁት።

«የተወለደበትን አላውቅም፥ እማማ» አላቸው። «ከሱሉልታ ሲገዛ ትልቅ ነበር። ዕድሜውን በጥርሱ ነው የምንለው።»

አክስታችንም ቀረብ ብለው የዳማውን ከንፈር በጣታቸው ገለጥ አደረጉና፥ ጥርሱን አንድ በአንድ እየተመለከቱ መቍጠር ጀመሩ።